ልጆቹን «ቡሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው፣ መልሰው እኔኑ ጠየቁኝ

የአባዶዋ · ነሐሴ 12፣ ከምሽቱ 2:40

እንደምን አመሻችሁ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ በሬ ሲንኳኳ ነው የከረመው። በቀን ሁለት ሦስት ቡድን ሆያ ሆዬ ይመጣል። ዛሬ ደግሞ ዋዜማው ስለሆነ ባሰበት። ከ10 ሰዓት ወዲህ ብቻ ስድስት ቡድን አስተናግጃለሁ።

የመጨረሻዎቹ አምስት ልጆች ነበሩ። ትልቁ ቢበዛ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ዱላቸው የመጥረጊያ እንጨት ነው፣ አንዱማ የውሃ ቱቦ ነው የያዘው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ደረጃውን በስልክ ባትሪ እያበሩ ነው የወጡት። የአባዶን የክረምት ጭቃ ለምታውቁ፣ ያ ሁሉ ጭቃ አሁን በሬ ላይ ነው። ጨፈሩ፣ መረቁኝ። «ዝርዝር የለኝም» ስላቸው ትንሹ ፈጠን ብሎ «ማዘር፣ ቴሌብር አለን» አይለኝ መሰላችሁ! ሳቄ መጣ። ሃያ ብር ላክሁላቸው።

ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ቆዩ እስቲ፣ ቡሄ ግን ምንድን ነው?» አልኳቸው። ተያዩ። አንዱ «ዳቦ» አለ። ሌላው «ርችት» አለ። ትልቁ «የድሮ ባህል ነው» አለ። ትንሹ ቀና ብሎ አየኝና «እርስዎስ ያውቁታል?» አለኝ።

አውቃለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። ደብረ ታቦር ነው፣ ጌታ በተራራ ላይ ብርሃኑን የገለጠበት ቀን ነው። ይህን ማን ያጣዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን አልመጣልኝም። ፊቱ በራ፣ እሺ። እና እኔ ምን ልሁን? ስቅለት ይገባኛል፣ ለእኔ ነው የሞተው። ትንሣኤም ይገባኛል። ከዚህኛው ግን ችቦና ሙልሙል ከአባቴ ጅራፍ ጋር ነው የቀረኝ፤ ትዝታ ብቻ። ልጆቹ ሲወርዱ በሩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ።

ለዛሬ አማኝ ይህ በዓል ምን ይለዋል? ሊንክ አትላኩልኝ። የራሳችሁን ንገሩኝ።

---

ቁጡው ከጣፎ · 2:52

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ምንም አይልም። ድሮ ቀረ። አሁን ያለው ርችት ነው። ባለፈው ሳምንት ከመስኮቴ ሥር አፈንድተው እናቴን ከአልጋ ሊጥሏት ነበር። ልጆቹም ዘፈኑን አያውቁትም። ሁለት ስንኝ ብለው እጅ ይዘረጋሉ። ይሄ በዜማ የሚደረግ ልመና እንጂ በዓል አይደለም። ሃያ ብሩንም ባትልኪ ጥሩ ነበር።

---

ፓፒ ኮዬ · 2:58

ቁጡው፣ አንተም በልጅነትህ ሳንቲም ለቅመሃል፣ አትዋሽ 😂

እኔ ስለ መንፈሳዊው ብዙ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ሁሌ ያስቀኛል። ጴጥሮስ ተራራው ላይ «ሦስት ዳስ እንሥራ» ይላል። ያለ ቁጠባ፣ ያለ ዕጣ፣ ሦስት ቤት በአንዴ! የእኔ ቤተሰብ በ97 ተመዝግቦ ኮዬ ፈጬ እስክንገባ እኔ ጢም አብቅያለሁ።

---

የሰንበት ተማሪ · 3:15

ፓፒ፣ ቀልድህ ቁም ነገር አለው። ዳሶቹን ቁጠራቸው። አንድ ለጌታ፣ አንድ ለሙሴ፣ አንድ ለኤልያስ። ለራሱ አልቆጠረም፤ ለያዕቆብና ለዮሐንስም። ደጅ ማደሩ አልታሰበውም። እዚያ መሆኑ ብቻ በቅቶታል።

እህታችን፣ ሊንክ አልልክም። በዓሉ ለብቻው ሲነበብ እኔንም ግር ይለኝ ነበር። ማቴዎስ 17ን ከ16 ጋር አብራችሁ አንብቡት። ምዕራፍ 16 ላይ ጌታ በፊልጶስ ቂሣርያ «ሰዎች ማን ይሉኛል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የገበያ ወሬ ነው። አንዱ ኤልያስ ነው ይላል፣ ሌላው ከነቢያት አንዱ። ጴጥሮስ ብቻ በትክክል ይመልሳል። ወዲያው ጌታ እንደሚሞት ይነግራቸዋል። ጴጥሮስ ደግሞ «አይሁንብህ» ይላል፣ ይገሠጻል። ከስድስት ቀን በኋላ ነው ተራራው።

ስለዚህ ተራራው መልስ ነው። «ኤልያስ ነው» ላሉት ኤልያስ ራሱ መጣ፣ ሊመሰክር። ሙሴም መጣ። መምህራን ሲተረጉሙት ሙሴ ከሙታን ነው፣ ኤልያስ ደግሞ ሞትን ያልቀመሰ፤ የሙታንም የሕያዋንም ጌታ መሆኑ ሊታወቅ። ሙሴ ያገባ፣ ኤልያስ ድንግል፤ መንግሥቱን ሁለቱም እንደሚወርሷት ሊታወቅ። ከዘጠኙ የጌታ ዐበይት በዓላት አንዱ የሆነው በከንቱ አይደለም።

ጅራፉም ትርጉም አለው። ሲጮኽ ከደመናው የመጣውን የአብን ድምፅ ያስታውሳል። ችቦው ብርሃኑን። ሙልሙሉ ደግሞ በዚያ ብርሃን መሽቶም ያልመሸ መስሏቸው ከብቶቻቸውን ይዘው ሜዳ ለቀሩት እረኞች ወላጆቻቸው ይዘውላቸው የወጡትን ዳቦ።

---

ጎረቤት · 3:31

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ወንጌላዊ ነኝ፣ ጴንጤ በሉኝ ግድ የለም። እኛ ቤት ቀኑ አይከበርም፣ ነገር ግን ክፍሉን እወደዋለሁ። ለክርክር ሳይሆን ለማወቅ አንድ ነገር ልጠይቅ። ወንጌሉ የተራራውን ስም አይጠራም፣ «ረጅም ተራራ» ብቻ ነው የሚለው። ታቦር መሆኑን በምን አወቃችሁ? ቂሣርያ የምትቀርበው ለአርሞንኤም ነው።

---

የሰንበት ተማሪ · 3:44

ጎረቤት፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ስሙ በወንጌል የለም። በትውፊት ነው የያዝነው። የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ በ4ኛው መቶ ዘመን ታቦር ብሎ ጽፏል። ስድስት ቀን ደግሞ ከቂሣርያ ገሊላ ለመድረስ ከበቂ በላይ ነው። መዝሙረኛው ግን ሁለታችንንም ይዞናል። «ታቦርና አርሞንኤም በስምህ ደስ ይላቸዋል» ይላል፣ በእኛ ቁጥር መዝሙር 88። ሁለቱንም ተራሮች በአንድ ትንፋሽ ነው የጠራቸው 🙂

---

ጎረቤት · 3:47

ተስማማን። ይህን አልቆጠርኩትም ነበር።

---

ፓፒ ኮዬ · 3:49

ታቦር ግን ትንሽ ተራራ ናት አሉ። ከባሕር ወለል 600 ሜትር አትሞላም። እንጦጦ ከ3,000 በላይ ነው። እኛ እኮ ቤታችን ተኝተን ከታቦር በላይ ነን።

---

ጋሽ ሰበታ · 4:05

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ጡረተኛ ነኝ፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ስታወሩ እያነበብኩ ነው።

በ1970ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ተልኬ ምሕንድስና ስማር የነበረ ነው። እንደምታውቁት ጊዜው የእምነት ጊዜ አልነበረም፣ እዚያም እዚህም። እኔም ራሴን አብዮተኛ አድርጌ ነበር። የተማሪ ማደሪያችንን የምታጸዳ አንዲት አሮጊት ነበረች። ቋንቋዋ ፈጣን ነው፣ ግማሹ አይገባኝም። በበጋ ዕረፍት አብዛኛው ተማሪ ሄዶ እኔ ቀርቼ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በሬን አንኳኳች። ከሽርጧ ኪስ አንድ ፖም አወጣች፣ በሽርጧ ጠረገችውና እጄ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየች። አንዲት ቃል በሹክሹክታ ነግራኝ ሄደች።

ቃሉን በኋላ ነው የጠየቅኩት። በእነሱ አጠራር የደብረ ታቦር በዓል ነው። ሩሲያውያን በዚያ ቀን ፖም ቤተ ክርስቲያን ወስደው ያስባርካሉ፣ አዲሱን ፖም ከዚያ በፊት የማይቀምሱም አሉ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ቆጠርኩት፣ ኦገስት 19። ነሐሴ 13! ያንኑ ቀን እናቴ ሙልሙል ጋግራ ለእኔ የሚሆነውን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታለች ማለት ነው። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ፖሙን በላሁት። አለቀስኩ ብል አታምኑኝም።

ትርጉሙን አሮጊቷም አላስረዳችኝም። ቁጡው፣ ልጆቹ ዘፈኑን አሳጠሩት ብለህ አትዘንባቸው። እሷም ያላት አንድ ፖምና አንዲት ቃል ብቻ ነበር።

---

ቁጡው ከጣፎ · 4:12

ጋሼ፣ እርስዎን አክብሬ ዝም ልበል። ርችቱ ግን ርችት ነው።

---

የአባዶዋ · 4:20

ጋሼ፣ አስለቀሱኝ እኮ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መምህር (የሰንበት ተማሪውን ነው)፣ ትምህርቱ ግልጽ ነው፣ ተቀብያለሁ። ግን አሁንም አንድ ነገር ይቀረኛል። ያ ሁሉ ለሦስቱ ሐዋርያት ነው የታየው። ጴጥሮስ «በዚህ መሆን ለእኛ መልካም ነው» አለ፣ አየ። እኔ አላየሁም። ጠዋት 11 ሰዓት የመገናኛን ታክሲ ተሰልፌ ነው የምነጋው። ማታ ስመለስ ልብስ አጥባለሁ። ይገርማችኋል፣ ትናንት ማርቆስን ገልጬ ልብሱ «አጣቢ በምድር ላይ እንደዚያ ሊያነጣው እስከማይችል» ነጣ የሚለው ላይ ነው የቆምኩት። የልጄ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ትዝ አለኝ። በዚህ ጭቃ፣ በዚህ የውሃ ፈረቃ! ሌላ ሰው መላእክት ይታየዋል፣ እኔ ኦሞ ይታየኛል።

---

የሰንበት ተማሪ · 4:26

መምህር አይደለሁም እህቴ፣ ስሜ እንደሚለው ተማሪ ነኝ። ማርቆስ ግን አጣቢዋን ወንጌል ውስጥ ያስገባት ለአንቺ ይሆናል እኮ።

---

ማታ ተረኛ · ነሐሴ 13፣ ከሌሊቱ 9:10

አሁን ገና ነው ያየሁት። ነርስ ነኝ፣ ሕፃናት ክፍል፣ ዛሬ ሌሊት ተረኛ። ለበዓሉ ቀይሩኝ ብዬ ነበር፣ አልቀየሩኝም። ማኅሌቱ አምልጦኛል፣ ቅዳሴውም ያመልጠኛል። በስጨት ብዬ ነው የገባሁት፣ አልደብቃችሁም።

የአባዶዋ፣ «እኔ አላየሁም» ያልሽው ላይ ልምጣ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው ቦታ ተራራው ላይ አይደለም። ሐዋርያት አሥራ ሁለት ናቸው፣ ሦስቱ ወጡ። ዘጠኙስ? ታች ናቸው። ምን እያደረጉ ነበር? ሥራ ላይ ናቸው! አንድ አባት የታመመ ልጁን ይዞ መጥቷል። ልጁን ይጥለዋል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ እሳት ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ዘጠኙ ሞከሩ፣ አልቻሉም። ሕዝቡ ከብቧቸዋል፣ ጻፎች ይከራከሯቸዋል። እንዴት ያለ ሌሊት እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። መድኃኒቱን ሰጥተሽ አልሠራ ሲል፣ ቤተሰብ ቆሞ ዓይን ዓይንሽን ሲያይ።

አሁንም አንድ አባት አለ፣ አልጋ 7። ልጁ የሚጥል ሕመም አለበት፣ ከሰንዳፋ ነው የመጡት። ጋቢውን ለልጁ አልብሶ እሱ በሹራብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም ውጪ መንገድ ላይ አንዱ ጅራፍ አጮኸ። እውነተኛ ጅራፍ፣ ርችት አይደለም። ክፍሉ በሙሉ ሰማው። ልጁ ነቃ። አባትየው ደንግጦ ተነሳ፣ ልጁ ደግሞ ሳቀ። «አባዬ፣ የእኛ ይበልጣል» አለው። አባቱ በልጥ የገመደለት አገር ቤት አለችው መሰለኝ። አባትየው ወደ እኔ ዞሮ «ዛሬ ቡሄ ነው እንዴ?» አለኝ። ቀኑ ጠፍቶበት ነበር። በዚህ ሳምንት ቀን አልቆጠረም።

ማርቆስ 9 ላይ ያ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ይላል። ከላይ ብርሃን ያዩት ካሉት ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው፣ እና የተባለው ታች ነው። ጌታም እዚያ ላይ አልቀረም፣ ወረደ።

ልሂድ፣ ተጠራሁ።

---

ጎረቤት · ከጠዋቱ 12:30

ስነሳ ይህን አነበብኩ። ቤተሰቤን ሰብስቤ ደግሜ አነበብኩላቸው። እኛ ቀኑን አናከብርም ብያችሁ ነበር። ዛሬስ እንጃ።

ሉቃስ ላይ ሌላ ነገር አለ። ሙሴና ኤልያስ በዚያ ሁሉ ክብር መሀል ሲነጋገሩ የነበረው በኢየሩሳሌም ስለሚሆነው ስለ መውጣቱ ነው። ስለ ሞቱ ማለት ነው። ሦስቱ ደግሞ እንቅልፍ ከብዶባቸው ነበር ይላል። ላይ የወጡትም ተኝተው ነበር፣ እኅት ነርስ። ነቅተሽ ያደርሽው አንቺ ነሽ።

---

ቁጡው ከጣፎ · 1:15

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ሳልቆጣ። ለምንድን ነው ዘጠኙን የተዋቸው? ማዳላት አይሆንም? እኔ ብሆን ይከፋኝ ነበር።

---

የሰንበት ተማሪ · 4:50

ከቅዳሴ አሁን ገባሁ። እንኳን አደረሳችሁ።

ቁጡው፣ ይህን መምህራን ይጠይቁታል። መልሳቸው ይሁዳ ነው። ከዘጠኙ ውስጥ ነበር። እሱን ብቻ ለይቶ ቢተወው «ከምሥጢር ለየኝ፣ ስለዚህ አሳልፌ ሰጠሁት» እንዳይል። ለእሱ ሰበብ ላለመስጠት ስምንቱም አብረው ቀሩ።

ከልጅነቴ ስሰማው ለስምንቱ አዝን ነበር። በአንድ ሰው ምክንያት እንዴት ይቀራሉ? መምህራን ግን እዚያ አያቆሙም። በርእሰ ደብር ለሦስቱ የተገለጠው ምሥጢር በእግረ ደብር ለነበሩትም ተገልጦላቸዋል ይላሉ። ይህን ቃል ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ርእሰ ደብር፣ እግረ ደብር፣ እያልኩ እንደ ግጥም ነበር የማልፈው። ዛሬ ማለዳ እዚያ ቆሜ የታሰበኝ ግን አልጋ 7 ነው። እግረ ደብር ማለት የት እንደሆነ ገባኝ። ማታ ተረኛ፣ ማኅሌቱ አላመለጠሽም።

---

ባለ ሙልሙል ቡራዩ · 5:30

እንኳን አደረሳችሁ። ጥልቅ ነገር ላይ ገባሁባችሁ፣ ይቅርታ። እኔ ሙልሙል ጋግሬ እሸጣለሁ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ወገቤ አልተቃናም። አንድ ቅሬታ አለኝ። ሰው ወተት ጨምሪበት፣ ቅቤ ቀቢው ይለኛል። ጾም ነው እኮ ወገኖቼ! ፍልሰታ መሀል ነን። በዘይትና በጥቁር አዝሙድ ነው። ኮባ ደግሞ ጠፋ። በፊት ከጓሮ ይቆረጥ ነበር፣ አሁን ጓሮው ራሱ ፎቅ ሆነ።

ስለ ትርጉሙ እኔ የማውቀው እናቴ ሙልሙል ስትቆጥር ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ታደርግ እንደነበር ነው። «ለማን ነው?» ስንላት «ለሚመጣው» ትላለች። ማን እንደሚመጣ አታውቅም። ሁልጊዜ ግን አንድ ሰው ይመጣል።

---

ጋሽ ሰበታ · 5:41

የኔ ልጅ፣ ከሰበታ ቡራዩ ሩቅ አይደለም። ለሚመጣው ያልሽውን አንድ አስቀምጪልኝ። መጣሁ።

---

የአባዶዋ · ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ 1:20

ወገኖቼ፣ የቀረውን ልንገራችሁ።

ትናንት ከቅዳሴ ስመለስ ትንሹን ልጅ ከብሎካችን በር አገኘሁት። ብቻውን ነው፣ ያገኙትን ብር ሲካፈሉ ተጣልተዋል መሰለኝ። እንዳየኝ «ማዘር፣ አወቁት?» አለኝ። አልረሳውም!

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ተራራውን ነገርኩት፣ ብርሃኑን፣ ደመናውን። ፊቱ እንደ ፀሐይ በራ ስለው «መብራት ጠፍቶ ነበር?» አለ። ሌሊት ነበር አልኩት፣ ምን ልበል። ሙሴንና ኤልያስን ብዙም አልሰማኝም። ታች ስለነበረው ስለታመመው ልጅ ስነግረው ግን ዝም ብሎ አዳመጠ። ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ በእንጨት መፋቅ አቆመ።

«ዳነ?» አለኝ።

«ዳነ።»

«ከዚያስ ላይ ወጥቶ አየ?»

እንጃ አልኩት። እውነትም እንጃ። የሰንበት ተማሪ፣ መምህራን ስለዚህ ልጅ የሚሉት አለ?

---

የሰንበት ተማሪ · 1:33

የሰማሁት የለም። እሑድ ጉባኤ ላይ እጠይቅልሻለሁ። የልጁ ጥያቄ ነው ብዬ ነው የምጠይቀው፣ የእኔ አላደርገውም።

---

ማታ ተረኛ · 2:05

አሁን ነቃሁ። አልጋ 7 ዛሬ ጠዋት ወጥተዋል፣ ወደ ሰንዳፋ። መድኃኒቱን እንዳያቋርጡት አሥር ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።

የአባዶዋ፣ እኔም አባዶ ነኝ እኮ። ብሎክሽ ስንት ነው? የክርስትና እናቴ የሰጠችኝ ሙልሙል ሳይቆረስ ተቀምጧል። ለዚያ ልጅ ይሁን።

---

የአባዶዋ · 2:07

በውስጥ መስመር ላክሁልሽ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ መብራት አሁንም የለም፣ ባትሪ ይዘሽ ነይ።